በዓሣ ማጥመጃ ክር የተሠራ ቺፕ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ማገናኘት፦ ከሐዋሳ ጠረጴዛ እስከ ማሽኑ አፍ

ሰዎች ስለ ማይክሮፍሉዊዲክስ፣ ማለትም ጥቂት ፈሳሽን በጣም በቀጠነ ቦይ ስለማሳለፍ፣ ሲጠይቁኝ ሁሌም የሚያሳስባቸው ቦዩን የያዘው ቺፕ ነው። ቦዩ ምን ያህል ይቀጥናል? አቧራ የማይገባበት ንጹሕ ክፍል ከሌለን በምን እንሠራዋለን? ቺፑ ግን ቀላሉ ሥራ ነው። ሰው ፍዳውን የሚያየው ከቺፑ ጫፍ እስከ ማስ ስፔክትሮሜትሩ (ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለየው ማሽን) አፍ ባለችው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ፈሳሹ የሚያንጠባጥበው እዚያ ነው፣ አረፋ የሚቋጠረው እዚያ ነው፣ ሲግናሉ የሚጠፋውም እዚያ ነው። ይህን መመሪያ የምጽፈው በዋናነት ለዚያች ቦታ ነው።

የኔን ሁኔታ ልንገራችሁ፣ ምናልባት የብዙዎቻችሁም ይሆናል። የምሠራው ሐዋሳ ነው። ማሽኑ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ የሰው ነው፣ ቀን ሲሰጡኝ ሄጄ እጠቀማለሁ። ወደ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ የተሰጠችውን አንድ ቀን የሚያፈስ ቱቦ ሲያጠብቁ መዋል በጣም ያማል። ስለዚህ አሠራሬ አንድ ነው፦ እዚህ ሊያልቅ የሚችል ነገር ሁሉ እዚህ ያልቃል። ማሽኑ ጋ የሚደረገው እዚያ ብቻ ሊደረግ የሚችለው ነው።

ለምን ይጋጠማሉ?

ማስ ስፔክትሮሜትር የሚለየው ቻርጅ ያለውንና በአየር ላይ ያለን ሞለኪውል ነው። ፈሳሽ ውስጥ ያለውን ሞለኪውል ወደዚያ የሚያደርሰው ኤሌክትሮስፕሬይ ይባላል። ፈሳሹ በቀጭን ጫፍ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲያገኝ ወደ ሾጣጣ ቅርጽ ይሳባል፣ ከሾጣጣው ጫፍ ደቃቅ ጠብታዎች ይረጫሉ፣ ጠብታዎቹ ሲደርቁ ቻርጅ የያዙት ሞለኪውሎች ይቀራሉ። ጆን ፌን በ2002 ከኖቤል ሽልማቱ ድርሻ ያገኘው በዚህ ሥራ ነው። ኤሌክትሮስፕሬይ ትንሽ ፍሰት ይወዳል፣ ቺፕ ደግሞ የሚያፈሰው ትንሽ ነው፣ በደቂቃ 1 ማይክሮሊትር ወይም ከዚያ በታች። የተፈጠሩት ለመገናኘት ነው ማለት ይቻላል።

በ1997 ሁለት የአሜሪካ ቡድኖች ከመስታወት ቺፕ ጠርዝ በቀጥታ ረጭተው አሳዩ። ነገር ግን ጠርዙ ጠፍጣፋ ስለሆነ ፈሳሹ ከመርጨቱ በፊት ጠርዙ ላይ ይንጣለላል። ለዚህ ነው ዛሬ አብዛኛው ሰው ቺፑ መጨረሻ ላይ ሹል መርጫ የሚሰካው። ኢሚተር እንለዋለን። እኛም የምንሠራው ይህንኑ ነው።

ደረጃ 1፦ ክሩና ሣጥኑ

ፎቶሊቶግራፊ፣ ማለትም ቦዩን በብርሃን መቅረጽ፣ አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልጋችሁ 0.10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የናይለን የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው። ሐዋሳ ያለ ሰው ክር አጣሁ አይልም፣ አሞራ ገደል አካባቢ ጠይቁ። ብቻ ውፍረቱ የተጻፈበትን እሽግ ውሰዱ፣ ነጠላ ክር መሆኑንም አረጋግጡ፣ የተገመደ አይሆንም።

ርዝመቱ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን ፈልጉ። ፊትና ኋላውን ትይዩ አድርጋችሁ ብሱት። አሁን ዋናዋ ዘዴ መጣች። የውጭ ውፍረቱ 360 ማይክሮሜትር፣ የውስጥ ቀዳዳው 150 ማይክሮሜትር የሆነ የሲሊካ ካፒላሪ (ቀጭን ቱቦ) ሁለት ቁራጭ ውሰዱ። ክሩን በሁለቱም ውስጥ አሳልፉ። አንዱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ በቀዳዳው አስገብታችሁ እያንዳንዳቸው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሣጥኑ ውስጥ ይግቡ። መሐል ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ክር ይቀራል። ክሩን ወጥራችሁ በፕላስተር እሰሩ፣ ቀዳዳዎቹንም ከውጭ ድፈኑ።

ይህ ለምን እንደሆነ ልብ በሉ። በኋላ ሣጥኑ ውስጥ የምናፈሰው የሲሊኮን ጎማ ሲደርቅ ካፒላሪዎቹንና ክሩን ስትነቅሉ 360 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ወደ 100 ማይክሮሜትር ቦይ በድንገት ይጠብባል። እዚያ ላይ ደረጃ ይፈጠራል። በኋላ ኢሚተሩን ስትሰኩ ሄዶ ደረጃው ላይ ይቆማል። መሐላቸው ክፍተት የለም። ክፍተት ከሌለ አረፋ የሚደበቅበት፣ ናሙና የሚንገዋለልበት ቦታ የለም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህቺን ውሰዱ።

ደረጃ 2፦ ፒዲኤምኤስ ማፍሰስ

ፒዲኤምኤስ ግልጽ የሲሊኮን ጎማ ነው፣ ሁለት ፈሳሽ ሆኖ ይመጣል። 10 እጅ ዋናውን ከ1 እጅ ማጠንከሪያው ጋር በሚዛን ለክታችሁ ቀላቅሉ። አምስት ደቂቃ ሙሉ አማስሉ፣ አትቸኩሉ። ከዚያ ቫኪዩም ውስጥ አረፋው እስኪወጣ አቆዩት። ሣጥኑ ውስጥ በቀስታ አፍስሱና 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 4 ሰዓት አድርቁ። መብራት ከሄደ አትደንግጡ፣ በክፍል ሙቀትም 48 ሰዓት ገደማ ቢቆይ ይደርቃል። አቧራ እንዳይገባበት ብቻ ክደኑት።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ሦስት ቀን ያስከፈለኝ ነው። የላቴክስ ጓንት አታድርጉ። ላቴክስ ውስጥ ያለው ሰልፈር ፒዲኤምኤሱን የሚያጠነክረውን የፕላቲነም ካታሊስት ይመርዘዋል። ሦስት ጊዜ አፍስሼ ሦስቱም ላይ ላዩን እንደ ማር ሲጣበቅ ዕቃው ጊዜው ያለፈበት መስሎኝ ነበር። ጥፋቱ የጓንቱ ነበር። ናይትራይል ጓንት አድርጉ።

ሲደርቅ መጀመሪያ ሁለቱን ካፒላሪዎች አውጡ፣ ከዚያ ክሩን በቀስታና ሳታቋርጡ ጎትቱ። ናይለን ሲጎተት ይቀጥናል፣ በዚያው ከግድግዳው ይላቀቃል። ትንሽ ኢታኖል ጠብ ብታደርጉበት ይረዳል። ቢያንስ አራት ቺፕ ሥሩ። አንዱ ይቀደዳል፣ አንዱን ለሙከራ ትሠዋላችሁ፣ ሁለቱ ይሄዳሉ።

ደረጃ 3፦ ቺፑን ማጠብ (ይህን አትዝለሉ)

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ ማሽኑ ጋ ሲደርስም ይቆጨዋል። የደረቀ ፒዲኤምኤስ ውስጥ ያልተያያዙ አጫጭር የሲሊኮን ሞለኪውሎች ይቀራሉ። ሶልቨንት (ማሟሟያ ፈሳሽ) ሲያልፍባቸው ቀስ እያሉ ይወጣሉ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር ደግሞ በደንብ ያያቸዋል። ስፔክትረሙ ላይ፣ ማለትም ማሽኑ ሞለኪውሎቹን በክብደታቸው ደርድሮ በሚያሳየው ሥዕል ላይ፣ 371.10፣ 445.12፣ 519.14 እያሉ በ74 ልዩነት የሚወጡ መሰላል የሚመስሉ ፒኮች ካያችሁ እነሱ ናቸው።

የደረቀውን የጎማ ብሎክ፣ ምንም ሳይሰካበት፣ ኢቲል አሲቴት ውስጥ ሌሊቱን አሳድሩ። ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ያን ጊዜ አትንኩት። በማግስቱ ወደ አሴቶን አዙሩትና ጥቂት ሰዓት አቆዩት። ከዚያ አየር ላይ ቀስ ብሎ ይረፍ፣ በኋላ ምድጃ ውስጥ ሌሊቱን ይድረቅ። ቀጥታ ወደ ሙቀት ካስገባችሁት ሊሰነጠቅ ይችላል። ይህን ሁሉ ስታደርጉ መስኮት ክፍት ይሁን፣ እሳት በአካባቢው አይኑር።

መሰላሉ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ በጣም ይቀንሳል እንጂ። ደግሞ እነዚሁ ሲሊኮኖች ከክፍሉ አየር፣ ከቅባትና ከዲኦድራንት ጭምር ይመጣሉ። ስለዚህ ቺፑን ከመውቀሳችሁ በፊት ያለ ቺፕ የተወሰደ ባዶ ስፔክትረም ይኑራችሁ።

ደረጃ 4፦ ሦስቱን መግቢያና መውጫ መሰካት

ቺፓችን የሚሠራው ሥራ ቀላል ነው፣ ናሙናውን ከሚረጭ ሶልቨንት ጋር እየቀላቀለ መላክ። ለዚህ ሁለት መግቢያና አንድ መውጫ ይበቃል።

አንዱ ጫፍ ላይ ናሙና የሚያመጣውን ካፒላሪ ደረጃው ላይ እስኪቆም ስኩ፣ ውጩ 360፣ ውስጡ 75 ማይክሮሜትር ይሁን። ሌላው ጫፍ ላይ ኢሚተሩን እንዲሁ። ለሶልቨንቱ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ትበሳላችሁ። ባለ 21 ጌጅ መርፌ ጫፏን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ጠርዟን በአሸዋ ወረቀት ሳሉ፣ ከናሙናው ደረጃ 3 ሚሊ ሜትር ያህል አልፋችሁ ቦዩን እስክትነካ ብሱ። ብሎኩን አሳልፋችሁ አትብሱ። የተቆረጠውን ፍርፋሪ በደንብ አውጡት፣ ቦይ የሚደፍነው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እዚያ ላይ ጫፏ ደልደል ያለ ባለ 20 ጌጅ የብረት መርፌ ስኩ። ከቀዳዳው ትንሽ ስለሚወፍር ጎማው ራሱ ጨምድዶ ይይዘዋል። ይህ መርፌ ሶልቨንት ያስገባል፣ በዚያውም ቮልቴጁን ለፈሳሹ የሚሰጠው እሱ ነው። ሁለት ሥራ በአንድ ብረት።

ስለ ኢሚተር ምርጫ ትንሽ ሒሳብ ልሥራ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቱቦ ግፊት የሚወሰነው በቀዳዳው ስፋት አራተኛ ኃይል ነው። ስፋቱን በግማሽ ብትቀንሱ ግፊቱ 16 እጥፍ ይሆናል። 5 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 30 ማይክሮሜትር ቀዳዳ ያለው ኢሚተር በደቂቃ 1 ማይክሮሊትር የሜታኖልና ውኃ ቅልቅል ሲያልፍበት የሚፈጥረው ግፊት ከአንድ ባር በታች ነው። ይህን ጎማው ይችለዋል። ቀዳዳው 20 ማይክሮሜትር ከሆነ ግን ከሦስት ባር ያልፋል፣ ያን ጊዜ ፈሳሹ በኢሚተሩ ዙሪያ ማፍሰስ ይጀምራል። ቀጭን የተሻለ ነው ብላችሁ አትሂዱ። ለዚህ ቺፕ 30 ይበቃል።

መገጣጠሚያዎቹን ከውጭ በትንሽ ጠብታ ፒዲኤምኤስ አሽጉና አድርቁ። ኢፖክሲ ማጣበቂያ ይዛችሁ ከሆነ ፈሳሽ ከሚነካው ቦታ አርቁት፣ የራሱን ፒክ ያመጣል።

ቀላቅሎ ይጨርሳል ወይ? እንዲህ ባለ ቀጭን ቦይ ውስጥ ፈሳሽ አይናወጥም። ሁለቱ ፈሳሾች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፣ የሚቀላቀሉትም ሞለኪውሎቹ ራሳቸው ወዲያና ወዲህ ስለሚሉ ብቻ ነው። ካፌይን 50 ማይክሮሜትር ለመሻገር ሁለት ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። በደቂቃ 1 ማይክሮሊትር ሲፈስ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ ይቀላቀላል። እኛ ከ2 ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ ቦይ አለን። ሰፊ ነው።

ደረጃ 5፦ ከመሳፈራችሁ በፊት ያለው ፈተና

ሲሪንጅ ፓምፕ ላይ ሁለት ባለ 100 ማይክሮሊትር የመስታወት ሲሪንጅ አድርጉ። ትልቅ ሲሪንጅ አትጠቀሙ። ሲሪንጁ በሰፋ ቁጥር የፓምፑ ሞተር በጣም በዝግታ እየተንገጫገጨ ይገፋል፣ ያ መንገጫገጭ ኋላ ሲግናላችሁ ላይ እንደ ማዕበል ይታያል።

ግማሽ በግማሽ ሜታኖልና ውኃ፣ በድምሩ በደቂቃ 2 ማይክሮሊትር፣ ማለትም ከምትሠሩበት እጥፍ አድርጋችሁ ለግማሽ ሰዓት አፍስሱ። ቺፑ ሥር ነጭ ሶፍት አንጥፉ። ሶፍቱ ደረቅ ከሆነና ኢሚተሩ ጫፍ ላይ ጠብታ እያደገች ከወደቀች አልፏል። አንድ ቦታ እንኳ ከረጠበ አይሄድም፣ ሌላውን ቺፕ ሞክሩ።

ከዚያ ፈሳሹን አስወጥታችሁ ደረቁን ያዙት። ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። አንድ ጊዜ ሐዋሳ ላይ ሞልቼው ሄድኩ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ያልፋል። ወደ ላይ ስትወጡ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ፈሳሹ ውስጥ የተሟሟው አየር መውጣት ይጀምራል። ስደርስ ቦዩ በአረፋ ተቆራርጦ አገኘሁት፣ ማስወጣት ብቻ ጧቱን በላብኝ። እዚያው ሙሉት፣ ሶልቨንቱንም እዚያው አየሩን አስወጡለት።

ደረጃ 6፦ ማሽኑ ጋ

መጀመሪያ ከማሽኑ ኃላፊ ጋር ተነጋገሩ። የራሱን መርጫ አውልቆ የናንተን ለመግጠም መፍቀድ ያለበት እሱ ነው። የደኅንነት መቆለፊያውን በራሳችሁ አታልፉ። ስለ ቮልቴጁም ጠይቁ፣ ምክንያቱም በአንዳንድ ማሽን ቮልቴጁ ያለው መርጫው ላይ ነው፣ በአንዳንዱ ደግሞ መርጫው ከመሬት መስመር ጋር ተያይዞ ቮልቴጁ የማሽኑ አፍ ላይ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ የብረት መርፌያችሁን ከመሬት መስመሩ ጋር ታያይዛላችሁ፣ በጣም ይቀላል።

መርፌው ላይ ቮልቴጅ ካለ ፈሳሹም ቮልቴጅ ይሸከማል፣ በቱቦው ተመልሶ ሲሪንጁና ፓምፑ ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ቱቦው የማያስተላልፍ ይሁን፣ ረዘም ይበል፣ የሲሪንጁን ብረት ደግሞ ከመሬት መስመር ጋር አያይዙ። ቮልቴጁን ሳታጠፉ ምንም አትንኩ።

ቺፑን በሚንቀሳቀስ መቆሚያ ላይ እሰሩ። ኢሚተሩ ከማሽኑ አፍ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይራቅ፣ ትንሽ ወደ ጎን ይበል። የሚነፍሰውን ጋዝ ዝጉ ወይም ዝቅተኛው ላይ አድርጉ። ሶልቨንቱ ግማሽ በግማሽ ሜታኖልና ውኃ፣ 0.1 በመቶ ፎርሚክ አሲድ ያለው ይሁን፣ በደቂቃ 0.8 ማይክሮሊትር። በናሙናው በኩል ለጊዜው ውኃ፣ በደቂቃ 0.2። ፎስፌትና የገበታ ጨው የሚባል ነገር አይግባ። ፒኤች መያዝ ካስፈለጋችሁ አሞኒየም አሲቴት ተጠቀሙ፣ እሱ ይተናል።

ቮልቴጁን ከ1.2 ኪሎቮልት ጀምራችሁ በ100 ቮልት ጨምሩ። መጀመሪያ ጠብታዋ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ትጥ ትጥ ትላለች፣ ከዚያ ሾጣጣዋ ቆማ ዝም ትላለች። የምትፈልጉት ያንን ነው። ብዙ ጊዜ ከ1.8 እስከ 2.5 ኪሎቮልት ባለው ውስጥ ትገኛለች። ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ ወይም ሲግናሉ በድንገት ከወደቀ አልፋችኋል፣ ዝቅ አድርጉ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ብልጭታው ቀደም ብሎ ይመጣል፣ በባሕር ጠረፍ ከተማ የተጻፈን የቮልቴጅ ቁጥር እንዳለ አትቅዱ።

ጠቅላላ ሲግናሉን ለአሥር ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። በየተወሰነ ሰከንድ እኩል እኩል ከወጣና ከወረደ ፓምፑ ነው። ድንገት ዜሮ ሆኖ ከተመለሰ አረፋ ነው። ቀስ እያለ ከቀነሰ ኢሚተሩ እየተደፈነ ወይም አንድ ቦታ እያፈሰሰ ነው፣ ሶፍቱን እዩ።

ደረጃ 7፦ ቡናው

ለመጀመሪያ ናሙና ከሲዳማ ቡና የተሻለ አላውቅም። ቅርብ ነው፣ መልሱም አስቀድሞ ይታወቃል። 1 ግራም የተፈጨ ቡና በ50 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ አቀዝቅዙ፣ በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አጥልሉ። የአረቢካ ቡና ከመቶ 1.2 ገደማ ካፌይን አለው፣ ስለዚህ በሊትር 1.2 ሚሊሞል አካባቢ ታገኛላችሁ። ይህን 1,000 ጊዜ አቅጥኑት። ሳታቀጥኑ ማስገባት ማሽኑን ማቆሸሽ ነው፣ የሰው ማሽን መሆኑንም አትርሱ።

ካፌይን 195.088 ላይ ይወጣል። 217.07 ላይ ጓደኛ ካለው ሶዲየም ተጣብቆበት ነው፣ ብርጭቆው ወይም ውኃው ንጹሕ አልነበረም። ሌላው የቡና ሞለኪውል ትሪጎኔሊን 138.055 ላይ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው እዚያው ቡና ውስጥ ያለው ክሎሮጄኒክ አሲድ ነው። 355.10 ላይ ይወጣል፣ ከፒዲኤምኤሱ የሚመጣው አንዱ ሲሊኮን ደግሞ 355.07 ላይ ነው። ማሽናችሁ ደቃቅ ልዩነት የማያይ ከሆነ ሁለቱ አንድ ፒክ ይሆናሉ፣ ጎማውን ለክታችሁ ቡና ለካን ትላላችሁ። መፍትሔው ማሽኑን ኔጌቲቭ ቻርጅ ያላቸውን ወደሚያይበት ኔጌቲቭ ሞድ ማዞር ነው፣ ክሎሮጄኒክ አሲድ እዚያ 353.09 ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ብልጭታ በኔጌቲቭ ይበልጥ ስለሚቀል ቮልቴጁን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ።

መጠን ለመለካት ካርቦን 13 (ከባዱ ካርቦን) የተደረገበት ካፌይን፣ 198.098 ላይ የሚወጣው፣ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ግን ናሙናው ውስጥ ጨምሩት። ለምቾት ብላችሁ ሶልቨንቱ ውስጥ ካደረጋችሁት የሁለቱ ፓምፖች ስሕተት በሙሉ መልሳችሁ ውስጥ ይገባል።

ለምን ለምን ነገር አይሆንም

ስብ የሚወዱ ሞለኪውሎችን፣ ለምሳሌ ብዙ የፀረ ተባይ መድኃኒቶችን፣ ፒዲኤምኤስ ይመጥጣቸዋል። ያስገባችሁት ሌላ፣ የሚወጣው ሌላ ይሆናል። ለነሱ የመስታወት ቺፕ ነው።

ደግሞ እዚህ አካባቢ ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ስለ ፍሎራይድ ነው፣ የስምጥ ሸለቆ ውኃ ችግር ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለፍሎራይድ ይህን ሁሉ አትድከሙ። ክብደቱ 19 ብቻ ስለሆነ አብዛኞቹ እነዚህ ማሽኖች ከሚያዩት በታች ነው። የፍሎራይድ ኤሌክትሮድ ገዝታችሁ እዚሁ ሐዋሳ ጠረጴዛችሁ ላይ ለኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ ኤሌክትሮዱ ያንን በደንብ ያያል።

ስትጨርሱ

ናሙናውን በሶልቨንት ተክታችሁ ለ20 ደቂቃ እጠቡ፣ የካፌይኑ ፒክ እስኪጠፋ። ቮልቴጁን አጥፉ፣ ከዚያ ፓምፑን። ቺፑን በሜታኖል አሳልፋችሁ በአየር አድርቁት፣ ኢሚተሩን በትንሽ ቱቦ ሸፍኑት፣ ቀኑንና ያለፈበትን ናሙና ጻፉበት። ቡና ያለፈበት ቺፕ የቡና ሆኖ ይቅር። የማሽኑን መርጫ ወደ ቦታው መልሱ፣ በማሽኑ የተለመደ መፈተሻ አንድ ስፔክትረም ውሰዱና ለኃላፊው አሳዩት። እንደነበረ መመለሱን በዓይኑ ካየ የሚቀጥለውን ቀን መጠየቅ አይከብዳችሁም።